የአንባቢ ጥያቄ፦ የምንጃር ሽምብራ አማን እንዴት ይድረስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? አረርቲ ያለሁ የእህል ነጋዴ ነኝ። የአክስቴ ልጅ የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ ይሠራል። እዚያ ያገኘልን ገዢ ለረመዳን ነጭ ሽምብራ ይፈልጋል። ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር፣ በየአንዳንዱ 240 ኩንታል። የላኪነት ፈቃድ አለን። ሐሳቤ ሁለቱንም በራሴ ባለተሳቢ (400 ኩንታል የሚጭን ነው) ጅቡቲ ማውረድ፣ ከዚያ በመርከብ ጅዳ፣ ከጅዳ ደግሞ በሳዑዲ መኪና በመዲናና በታቡክ አድርጎ አማን ማስገባት ነው። ቀይ ባሕር ካርታ ላይ ሳየው ቀጭን ነው። አንድ ሰው 10 ቀን ይበቃል አለኝ። ለገዢው መቼ ይደርሳል ልበለው?

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። 10 ቀን ያለህ ሰው መኪናው ሲሄድ ያለውን ብቻ ነው የቆጠረልህ፣ የሚቆምበትን ረስቶታል። ከሞጆ በጋላፊ ጅቡቲ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደህና ሹፌር በሁለት በሦስት ቀን ይወርደዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ማኅተም የሚመታበት ቦታ ሁሉ ነው። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ አለ፣ ጅቡቲ ወደብ በር ላይ ወረፋ አለ፣ ጅዳ ላይ ማውረጃና የትራንዚት ወረቀት አለ፣ ከታቡክ በላይ ደግሞ ሃላት አማር ላይ ከሳዑዲ መውጫ፣ ሙደወራ ላይ ዮርዳኖስ መግቢያ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች አንዱ ጋ ሦስት ቀን ትተኛለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ድንበር እንቀንስ። ጅዳን ተወው። ዮርዳኖስ አንድ የባሕር ወደብ አላት፣ አቃባ። ከአቃባ አማን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅዳ ግን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያውም በማታውቀው ሰው መኪና። መርከቡ አቃባ ለመድረስ ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ምናልባት ኮንቴይነሩ ጅዳ ላይ ወደ ሌላ መርከብ ይዛወራል። ይዛወር። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) እስከ አቃባ አንድ ከሆነ የሳዑዲ ጉምሩክ ያንተ ራስ ምታት አይደለም።

ያ ቀጭን ያልከው ባሕር በሩ ባብ ኤል መንደብ ነው። ጅቡቲ ከበሩ ውጭ ስለሆነች ወደ አቃባ የሚሄድ መርከብ በዚያ ማለፍ አለበት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች መርከብ ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ መዞር መረጡ፣ ኢንሹራንሱም ናረ። የመርከብ ዋጋ ስትጠይቅ የጦርነት ስጋት ክፍያው ውስጡ አለ ወይ፣ ዋጋውስ እስከ ስንት ቀን ይጸናል ብለህ በጽሑፍ ተቀበል። ከሁሉ የምወደው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ኤፍኦቢ ጅቡቲ ብትሸጥ ነው። መርከብ ላይ ታስጭናለህ፣ ከዚያ ወዲያ የባሕሩ ኪራይና ስጋት የገዢው ነው። እምቢ ካለ እንግዲህ ባሕሩንም ዋጋህ ውስጥ አስገባው።

አሁን ወደ መኪናህ። ሂሳቡ አልመጣልህም። 240 ሲደመር 240፣ 480 ኩንታል። ባዶው ኮንቴይነር ራሱ 22 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፣ ሁለቱ 44። ጠቅላላ 524። መኪናህ 400 ነው የሚጭነው! የሚዛን ጣቢያው ቢምርህ እንኳ ጎማህ የአፋርን ሙቀት አይምርህም። በራሴ መኪና ካልሆነ ካልክ በየኮንቴይነሩ 175 ኩንታል አድርግ፣ ቀሪውን 130 ለብቻው ትልካለህ። እኔ ብሆን ግን መኪናዬን ከአረርቲ ሞጆ ብቻ አመላልሳታለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነሩን ሞልቼ፣ ቦታ ካገኘሁ በባቡር አወርደዋለሁ። ባቡሩ በደወሌ ድንበር ስለሚወጣ የጋላፊ ወረፋ አይነካህም። ለመኪናህ አዝናለሁ፣ ግን ነገሩ እንዲህ ነው።

ባዶ ኮንቴይነር ሲሰጡህ ዝም ብለህ አትቀበል። ውስጡ ግባና በሩን ከውጭ አዘጋ። ጨለማው ውስጥ ቆመህ ጣሪያውን ቀስ ብለህ ቃኝ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካየህ ሌላ ይቀየርልኝ በል። አሽትተውም፣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ሽምብራው እዚያው ይጠጣዋል። የሽምብራው ርጥበት ከ12 በመቶ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። ለምን መሰለህ፣ ቀን ቆርቆሮው ሲግል ከጆንያው ውስጥ የወጣ እርጥበት ሌሊት ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠባል፣ ከላይ ያለው ረድፍ ይሻግታል። ጣሪያውን በወፍራም ወረቀት አልብሰው። ፊሚጌሽኑም (ነቀዝ የሚገድለው የጢስ መድኃኒት) እንዳይረሳ። አንድ ነቀዝ አቃባ ላይ በሕይወት ከተገኘ ዘመድህም አያድንህም።

አሁን ስለ ቀኑ። የአንተ ሽምብራ ጥር ላይ ነው የሚወቃው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል። አሁን ባለበት ወቅት አዲሱ ምርት ከአውድማ ተነሥቶ፣ ተበጥሮ፣ ተፈትሾ ለጾሙ አይደርስም። መጋዘንህ ያለውን ያለፈውን ምርት የሚቀበል ከሆነ ናሙና ላክለት። ካልተቀበለ ከረመዳን በኋላ ብለህ ተዋዋል፣ አታፍርም። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠር፦ አማን የሚፈለግበት ቀን፣ አቃባ የናሙና ምርመራ፣ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ባቡር፣ ጭነት፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ባንክ። ጅቡቲም አማንም ቢሮ ዓርብ ዝግ ነው፣ አማን ቅዳሜም፣ እኛ ጋ እሑድ። ሐሙስ ማታ የተበላሸ ወረቀት ሰኞ ነው የሚስተካከለው። እኔ ለመጀመሪያ ጉዞ ከ45 ቀን በታች አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍ፣ ሰዓቱንም። ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) በነበርኩ ጊዜ ጅቡቲ ያለው ሰው «ነገ 8 ሰዓት በር ላይ» ብሎ ላከልኝ። እኔም እንዳለ ለሹፌሩ አስተላለፍኩ። ሰውዬው ያለው ጠዋት ነው፣ የእኛ 2 ሰዓት። ሹፌሬ ምሳውን በልቶ በ8 ሰዓት ደረሰ። መርከቡ ጭነት መቀበል አቁሟል። አንድ ሳምንት የወደብ ኪራይ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ሹፌሩ እስከ ዛሬ «ጋሼ፣ የማን ሰዓት ነው?» እያለ ያሾፍብኛል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ። የጭነት መኪና ገዝቼ በኮምቦልቻ በኩል ጅቡቲ ልጀምር ነው። እዚህ የገባሁት ኢንሹራንስ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አውጣ፣ ከራስህ ኢንሹራንስ ድርጅት ትጠይቃለህ። እሱ ግን ጅቡቲ ውስጥ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ለራስህ መኪናና ለጭነቱ ለየብቻ ግባ። ደግሞ መንገድህ ከጅቡቲ በፊት ጣርማ በር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥተህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 አካባቢ ነህ። በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ ሳትገባ ማርሽህን ዝቅ አድርግ፣ ጉም ካለ መብራትህን አብራ። ደብረ ሲና ስትደርስ ውረድና እጅህን ወደ ጎማው ጠጋ አድርገው። የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬንህን ብዙ ረግጠሃል፣ ቆሎህን እየቆረጠምክ እስኪበርድ ጠብቅ።