ኤ6000ን ይዞ መቆየት ወይስ ወደ ኤ6700 መሻገር?

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው፦ ሶኒ ኤ6000 ካሜራ፣ አብሮት ከሚሸጠው ኪት ሌንስ (16-50) ጋር አላት፤ ሰርግ፣ ምርቃትና ልደት ታነሳለች፤ አሁን ደንበኞቿ ቪዲዮም እየጠየቁ ስለሆነ ያላትን ሸጣ፣ ላዩ ላይ ጨምራ ኤ6700 ትግዛ ወይስ ትቆይ?

ለፎቶ ብቻ ከሆነ አትቸኩዪ፤ ገንዘቡን መጀመሪያ ሌንስ ላይ አውጪው። የቪዲዮ ሥራው እውነትም እየመጣ ከሆነ ግን ኤ6000ን ለቪዲዮ ለማብቃት አንድ ብር አትጨምሪበት፤ እሱ መንገድ አያዋጣም። ምክንያቱን ላስረዳ።

ኤ6000 እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ነው የወጣው፤ ሴንሰሩ 24 ሜጋፒክስል ነው። ኤ6700 በ2023 ወጣ፤ 26 ሜጋፒክስል። ሁለቱም ኤፒኤስ-ሲ ናቸው፤ የሴንሰራቸው መጠን አንድ ነው ማለት ነው። ደጅ በቀን ብርሃን ወይም በፍላሽ፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ በአንድ ዓይነት ሌንስ ተነስተው አልበም ላይ ቢታተሙ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ደንበኛ ቀርቶ ባለሙያም ለመለየት ይቸገራል። ጨለማ ውስጥ አዲሱ ይሻላል፤ ግን ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ስቶፕ (አንድ እጥፍ ብርሃን) ገደማ ነው። ለአንድ ስቶፕ ብሎ ካሜራ መቀየር ውድ መፍትሔ ነው።

አሁን ሌንሱን እዪው። ኪት ሌንስሽ 50 ላይ ስታደርሺው ከኤፍ5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል፣ ብርሃን ይበዛል)። አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሌንስ አይኤስኦ 6400 የሚጠይቅሽ ቦታ፣ በኤፍ2 አይኤስኦ 800 ይበቃዋል፤ በኤፍ1.4 ደግሞ 400። ይህን ሦስትና አራት ስቶፕ የትኛውም አዲስ ካሜራ አይሰጥሽም፤ ሲግማ 30 ኤፍ1.4 ወይም 56 ኤፍ1.4 ግን ይሰጥሻል። ነገ ኤ6700 ብትገዢም ያው ሌንስ ይገጥምለታል፣ ስለዚህ ገንዘቡ አይባክንም። ኤ6700ን ገዝቶ ያንኑ ኪት ሌንስ መግጠም ነው ትልቁ ስህተት፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚሠራው እሱን ነው።

እስከዚያው ኤ6000ን እንዲህ አስተካክዪው። ሙሽሮች የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ላይ ኤ ሞድን (ኤፍን አንቺ፣ ሹተሩን ካሜራው የሚመርጥበትን) ተዪው፤ አውቶ አይኤስኦ ላይ ሆኖ ሹተሩን 1/60 ላይ ያስቀምጥብሻል፣ ሰው ሲራመድ ይደበዝዛል። ኤም ሞድ፣ ሹተር 1/200፣ ኤፍ2፣ አይኤስኦ አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200፣ ፋይሉ ራው (ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል)። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሲቆም ኤፍ1.4 ላይ ባትሠሪ ይሻላል፤ የአንዱ ዓይን ጥርት ሲል የሌላው ይጠፋል፣ ሁለት ሰው ሲሆን ኤፍ2.8 ላይ ውጪ። አይ ኤኤፍን (ዓይን ላይ የሚያነጣጥረውን አውቶ ፎከስ) ከኋላ መሃለኛው ቁልፍ ላይ ጫኚው፤ በዚህ ካሜራ የሚሠራው ቁልፉን ተጭነሽ ስትይዢው፣ ኤኤፍ-ኤስ (አንዴ ይዞ የሚቆመው ፎከስ) ላይ ሆነሽ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ኤ6000 አይ ኤኤፍ የለውም» የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው።

ሌላው ነጠላው ነው። ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል፤ ፊት ይጠቁራል። ዜብራን (ብርሃን የበዛበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳየውን) ክፈቺና 100+ ላይ አድርጊው። መስመሮቹ ከነጠላው እጥፋት ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ብልጭ እስኪሉ ድረስ ብርሃን ጨምሪ፤ ጥለቱ ላይና ደረቱ ላይ ከተዘረጉ አልፈሻል፣ መልሺ። ፊቱ ገና ጠቆር ያለ ቢሆንም ራው ስለሆነ ኤዲት ላይ ይነሳል። የተቃጠለ ነጠላ ግን በምንም አይመለስም።

እውነተኛው ርቀት ያለው ፎከስ ላይ ነው። ኤ6000 179 የፌዝ ዲቴክሽን (ፎከስ መያዣ) ነጥቦች አሉት፣ ኤ6700 759። ከቁጥሩ በላይ ግን የሚለያቸው ሌላ ነው። ኤ6000 በደብዛዛ ብርሃን፣ በተለይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሻማና በጥቂት አምፖል፣ ፎከሱን ወዲያ ወዲህ እያለ ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ራሱ የሚሰጠው ወሰን ኢቪ 0 ነው፣ የአዲሱ ኢቪ -3 (ቁጥሩ ሲያንስ በባሰ ጨለማ ይሠራል ማለት ነው)። አዲሱ የሰውን ዓይን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትንና የሰውነትን አቋም ለይቶ ስለሚይዝ፣ ሙሽራዋ ፊቷን ብታዞር ወይም ቬሏ ቢሸፍናት አይለቃትም። ሁለቱም በሰከንድ 11 ፍሬም ያነሳሉ፤ ከአሥራ አንዱ ስንቱ ጥርት ብሎ ይወጣል የሚለው ላይ ግን አይገናኙም። የሥራሽ ግማሽ ጭፈራና እስክስታ ከሆነ ይህ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ቪዲዮው። ኤ6000 ፎር ኬ የለውም። ፉል ኤችዲ ነው፣ አንድ ቀረጻ 29 ደቂቃ ሲሆነው ይቆማል፣ የማይክ ቀዳዳ የለውም። ድምፅ ለብቻው በሪከርደር ወይም በስልክ ቀድተሽ በጭብጨባ ማገናኘት አለብሽ። ካሜራው ውስጥ የምስል ማረጋጊያም ስለሌለው፣ ማረጋጊያ የሌላቸው እነዚያ የሲግማ ሌንሶች በእጅ ሲያዙ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ትራይፖድ ወይም ጊምባል ግድ ይላል። ለጊዜው የምትሠሪበት ከሆነ ፈርምዌሩ 2.00 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አረጋግጪ፤ የተሻለው የቪዲዮ ፎርማት ኤክስኤቪሲ ኤስ የመጣው በእሱ ነው፣ በ50 ሜጋቢት ይቀዳል፤ ካርዱ ግን ኤስዲኤክስሲ፣ ማለትም 64 ጊጋና ከዚያ በላይ ካልሆነ ምርጫውን አይቀበልሽም።

ኤ6700 ፎር ኬን እስከ 60 ፍሬም በሴንሰሩ ሙሉ ስፋት ይቀዳል፤ በ120 ፍሬም ሲሆን ምስሉን በ1.58 እጥፍ ይቆርጠዋል፣ ሰፊ ሌንስ ካልያዝሽ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም። 10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ ቀረጻ) አለው፣ ማይክና ሄድፎን ይገባበታል፣ ስክሪኑ ዞሮ ይገለበጣል፣ ውስጡ ማረጋጊያ አለ። ባትሪው ኤንፒ-ኤፍዜድ100 ነው፤ 2280 ሚሊአምፒር፣ ከአሮጌው 1020 ጋር ሲተያይ እጥፍ አልፏል። በኤ6000 ለአንድ ሰርግ አራት ባትሪ ከያዝሽ በዚህ ሁለት ይበቃሻል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ፒዲ (ከፍ ያለ የዩኤስቢ ኃይል) በሚሰጥ ፓወር ባንክ እየሠራ ይቀጥላል፤ ኤ6000 የሚሞላው ጠፍቶ እያለ ብቻ ነው።

የአዳራሽ መብራት ቪዲዮ ላይ የሚያመጣው ብልጭልጭታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በእሱ ነውና። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታሉ። ሹተርሽ 1/60 ወይም 1/125 ከሆነ ምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር ሰንበር ይወጣል። 25 ፍሬም ላይ ሹተር 1/50፣ 50 ፍሬም ላይ 1/100 አድርጊ። ካሜራው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በኤንቲኤስሲ፣ ማለትም በ30 እና በ60 ፍሬም ነው የሚነሳው። ኤ6700 ላይ ከሜኑ ወደ ፓል (25 እና 50 ፍሬም) መቀየር ይቻላል፤ የአሜሪካው ኤ6000 ግን ያ ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ 30 ፍሬም ላይ 1/50፣ 60 ፍሬም ላይ 1/100 አድርጎ መሥራት ነው፤ ያኔም ሰንበሩ ይጠፋል። ርካሽ ኤልኢዲ የዲጄ መብራት የራሱ ምት አለው፤ ለእሱ ሹተሩን ስክሪኑ ላይ እያየሽ ከመሞከር ሌላ መላ የለውም። በዚያ ብርሃን ሥር የኤ6700ን ድምፅ አልባ ሹተርም ፎቶ ላይ አትጠቀሚ፣ ሰንበር ያመጣል።

ወጪው በካሜራው አያልቅም። ኤ6700 ሲወጣ ቦዲው ብቻ 1,400 ዶላር ገደማ ነበር። ካርድ ቪ60 (የመጻፍ ፍጥነት ደረጃው ነው) ያዢ። 10 ቢት ፎር ኬ በ25 ፍሬም 140 ሜጋቢት ነው፤ በሰዓት 63 ጊጋ ይበላል፣ የኤ6000 ኤችዲ 22 ጊጋ ገደማ ነበር። የአንድ ቀን ሰርግ ሃርድ ዲስክሽን ምን እንደሚያደርገው አስቢው። ከሁሉም በላይ ኮምፒውተሩ፦ 4:2:2 10 ቢት ፋይል አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደንብ አይጫወትም፣ እየቆመ ይሄዳል። 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ኢንቴል ከነውስጥ ግራፊክሱ፣ ወይም ኤም1 ማክ፣ በኤች.265 (አዲሱ የቪዲዮ መጭመቂያ) የተቀዳውን ያለ ጭንቀት ያነበዋል። ከዚያ በታች ከሆነ በ8 ቢት 4:2:0 በ100 ሜጋቢት ቅጂ፤ ለሰርግ ቪዲዮ በቂ ነው፣ ኤስ-ሎግ (ቀለሙ በኋላ ኤዲት ላይ የሚስተካከል ደብዛዛ ቀረጻ) ላይ ግን 8 ቢት አትጠቀሚ፣ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል።

አዲሱም እንከን አለው። ብቅ የሚለው ትንሽ ፍላሽ የለውም። የካርድ ቦታው እንደ ኤ6000 አንድ ብቻ ነው፤ ለሰርግ ይህ እውነተኛ ስጋት ስለሆነ አንድ ትልቅ ካርድ ከመያዝ ሁለት ሦስት 64 ጊጋ ይዘሽ በየመሃሉ ቀይሪ፤ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥም ፎርማት አታድርጊ። ፋን ስለሌለው ፎር ኬ 60 ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይግላል፤ ሜኑ ውስጥ የሙቀት መጥፊያውን ሃይ አድርጊ፣ ስክሪኑን ከጀርባው አላቅቀሽ አውጪው።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ ሜኑውን ከፍተሽ ቋንቋውን እዪ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ከጃፓንኛ ሌላ የለውም። ኤፍ16 ላይ ነጭ ግድግዳ አንስተሽ የሴንሰር ቆሻሻ ፈትሺ። የ16-50 ኪቱን አሥር ጊዜ አብሪና አጥፊ፣ ዙሙን ወደ ፊት ወደ ኋላ አስኪጂው፤ አቧራ ገብቶ መንገድ ላይ መቆም የተለመደ በሽታው ነው።

የመሃል መንገድም አለ። በ2019 የወጣው ኤ6400 ዘመናዊውን የፎከስ አያያዝ፣ ፎር ኬ፣ የማይክ ቀዳዳና ወደ ላይ የሚገለበጥ ስክሪን ይዞ ያንኑ የአንቺን ባትሪ ይጠቀማል። ከሚጎድሉት ዋና ዋናዎቹ ማረጋጊያና 10 ቢት ናቸው። ፎቶው ዋና፣ ቪዲዮው ተጨማሪ ለሆነ ሰው ኤ6400 ከአንድ ኤፍ1.4 ሌንስ ጋር ኤ6700ን ከኪት ሌንስ ጋር ከመያዝ በጣም ይበልጣል።

ኤ6700ን ከወሰድሽ ደግሞ ኤ6000ን አትሽጪው። የሚያወጣው ትንሽ ነው፤ ሁለተኛ ካሜራ ሆኖ 56ቱን ገጥሞ ትከሻሽ ላይ ቢውል ከዋጋው በላይ ይሠራልሻል። ባትሪዎቹ ብቻ አይለዋወጡም። የምትሠሪበትን ላፕቶፕ ዓይነትና ኤ6000ሽ ከየት አገር እንደመጣ እዚሁ ሥር ጻፊልን፤ የትኛው የቪዲዮ ፎርማት እንደሚሆንሽ በቁርጥ መናገር ይቻላል።