«ዕቃው የታለ?» እና ሌሎች የሶፍትዌር ሽያጭ ጥያቄዎች

ስለ ሶፍትዌር ሽያጭ ሥራ ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። አብዛኛው ከከተማው ዳር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን፣ ከአሸዋ ሜዳ። አይገርምም። ፋብሪካውም መጋዘኑም፣ የቤት ኪራይ የገፋው ወጣትም ያለው እዚያው ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

«ልጄ ሶፍትዌር ሻጭ ነኝ ይላል። ጠዋት ሳይነጋ ይወጣል፣ ማታ ደክሞት ይገባል። የሚሸጠውን ዕቃ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ዕቃው የታለ? ቀኑን ሙሉስ ምን ሲሠራ ይውላል?» (እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

እማማ፣ ዕቃው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። አንድ ድርጅት ምን እንደገዛ፣ ምን እንደሸጠ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ለሠራተኛው ስንት እንደሚከፍል በደብተር ፈንታ የሚመዘግብለት ፕሮግራም ነው። ልጅዎ ድርጅቶችን እየዞረ ይህን ያሳያል።

ውሎውን ልንገርዎ። ቢሮው ጎሮ፣ አይሲቲ ፓርክ አካባቢ ነው እንበል። ጠዋት 2:30 ላይ አጭር ስብሰባ አለ። ማን የት ይሄዳል? ማን ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ጠየቀ? የማን ክፍያ ዘገየ? ወሩ ሊያልቅ ነው፣ ታርጌቱ፣ ማለትም በወሩ ይሸጣል የተባለው መጠን፣ የት ደረሰ? አለቃው «ታርጌት» ሲል ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል። ከዚያ መደወል ነው። ሰኞ ጠዋት ከሆነ ሁሉም «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ቢሆንም ይደወላል።

ቀጥሎ ቀጠሮ። ደንበኛው ገላን ከሆነ ልጅዎ ጠዋት የመጣበትን መንገድ ተመልሶ፣ በሰፈርዎ በኩል አልፎ ነው የሚሄደው። ቢሮ ሳልገባ ከቤት ልሂድ ቢል የሚፈቅድለት አለቃ ብርቅ ነው። (አለቆች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ፍቀዱለት።) የፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ይቀበላል። ላፕቶፑን ገልብጦ ሲሪያል ቁጥሩን እያነበበ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ካልተመዘገበ ሲወጣ ጣጣ አለው። አዲስ ሻጭ እዚህ ጋ ይበሳጫል። የቆየው ግን ጥበቃውን በስሙ ይጠራዋል። ሥራ አስኪያጁ ግቢ ውስጥ መኖራቸውን የሚነግረው እሱ ነዋ!

ገብቶ ዴሞ ያሳያል፤ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ ማለት ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የለመዱ ናቸው። ፒችትሪ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ጋ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን በስልካቸው ማየት ይፈልጋሉ። የመጋዘኑ ሰው ጥግ ላይ ዝም ብለው ቆመዋል። እሳቸው የሚያምኑት ቢን ካርዳቸውን፣ የዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ ሽያጩን የሚያፈርሱት እኚህ ዝም ያሉት ናቸው። ፕሮግራሙ ከተገዛ በኋላ ቀን በቀን መረጃውን የሚያስገቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ «አይሠራም» ካሉ አይሠራም። ጎበዝ ሻጭ ፕሮጀክተሩን ትቶ መጋዘን ይወርዳል። «ጋሼ፣ እስኪ ዛሬ የገባውን ያሳዩኝ» ይላል። ገቢውንም ወጪውንም ከካርዱ ላይ እያየ እዚያው ያስገባላቸዋል። የስክሪኑ ቀሪ ከካርዱ ቀሪ ጋር እኩል ሲመጣ ፊታቸው ይፈታል። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የሚያዘንቡት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፎርማ ይሠራል፣ በቴሌግራም ለመጣ ጥያቄ ይመልሳል። በመሃል ባለፈው ወር የገዛ ደንበኛ «ኧረ አልታተም አለኝ!» ብሎ ይደውላል። በወረቀት ደረጃ ይህ የቴክኒክ ክፍል ሥራ ነው። ደንበኛው ግን የሚያውቀው የሸጠለትን ልጅ ስልክ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ይኼው ነው፤ ከሸጡ በኋላ ስልክ ማንሳት። ማታ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ አለ። የሚደክመው ወዶ አይደለም እማማ፣ እራቱን አያዘግዩበት።

«ከለገጣፎ ነኝ፣ ዘንድሮ ተመረቅኩ። አንድ ኩባንያ በትንሽ ደመወዝና በትልቅ ኮሚሽን ሊቀጥረኝ ነው። ልግባበት?»

ግቢበት፣ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቢ እህቴ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ኮሚሽን እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልሽ። ነገ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባሽ ቢሆን የሚሰላው በደመወዝሽ ነው። ጡረታም የሚቆረጠው ከደመወዝ ነው፤ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ኮሚሽኑ ላይ ግን ግብሩ አይቀርም። ስለዚህ «ኮሚሽኑ ይክስሻል» ሲሉሽ በልብሽ ሂሳቡን ሥሪ።

ሦስት ነገር ጠይቂ። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ውል ሲፈረም ነው ወይስ ገንዘቡ ባንክ ሲገባ? እኛ አገር በሁለቱ መካከል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሥራ ብትለቂ ውሉን ያመጣሽው ግን ክፍያው በኋላ የገባውስ ያንቺ ነው? የታክሲና የሞባይል ካርድ ወጪ የማን ነው? ገላንና ሱሉልታ በአንድ ሳምንት ከተመላለስሽ ይህ ወጪ ቀልድ አይደለም። መልሱን በጽሑፍ ያዢ። የሙከራ ጊዜው ደግሞ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። «ስድስት ወር ሞክሪና እናያለን» የሚል ቢመጣ አዋጁን አሳዪው።

«ደንበኛ ሁሉ 'እናስብበት' ይለኛል። ምን ላድርግ?»

«እናስብበት» ማለት ብዙ ጊዜ «አንገዛም» ነው፤ ፊት ለፊት እንቢ ማለት ስለሚከብደን እንጂ። አንዳንዴ ግን «የሚወስነው እኔ አይደለሁም» ማለት ነው። እሱን ለይ። «ከእርስዎ ሌላ ማን ቢያየው ጥሩ ነው?» በል፣ ያኔ ስም ይወጣል። የቤተሰብ ድርጅት ከሆነ ወሳኙ ቢሮ የማይመጡ አባት ወይም ገንዘብ የምትይዘው ታላቅ እህት ልትሆን ትችላለች። ስም ካልወጣ፣ ቀንም ካልተቆረጠ፣ በሰላም ተሰናብተህ ወደሚቀጥለው ሂድ። በየሳምንቱ መደወል ሰው ያስመርራል።

«የግዥ ሠራተኛው 'ለእኔስ?' አለኝ። አለቃዬ 'እንደምንም ጨርሰው' ይላል።»

አትስጥ። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀለኛ ነው፤ «አለቃዬ አዞኝ» አያድንህም። የግል ድርጅት ቢሆንም የሰጠኸው ገንዘብ ዋጋው ላይ መደመሩ አይቀርም፣ ባለቤቱ አንድ ቀን ማወቁም አይቀርም። ያን ቀን ስምህ የሚነሳው ከሠራተኛው ጋር ነው።

በተግባር ደግሞ እንዲህ አድርግ። እንዳልገባህ ሆነህ ለጥያቄው በቅናሽ መልስ። «ለድርጅቱ ይህን ያህል ቅናሽ ማድረግ እችላለሁ፣ ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ አድርጌ ልላከው?» በለው። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ያልቃል። ሽያጩም አብሮ ሊያልቅ ይችላል፤ እንዳልዋሽህ። አለቃህን ግን «እንደምንም» ያልከው ምን ማለት ነው ብለህ በቴሌግራም ጠይቀው። በጽሑፍ አይመልስልህም። እሱም አንድ መልስ ነው።

«ሱፍና ከረባት ግድ ነው?»

ባንክ ከሆነ አዎ። ዱቄት ፋብሪካ በጥቁር ሱፍ ከሄድክ ነጭ ሆነህ ትመለሳለህ። ንጹህ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ በክረምት ደግሞ መቀየሪያ ጫማ በቦርሳ። የኮዬ ፈጬን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«አሸዋ ሜዳ የግንባታ ዕቃ መጋዘን አለኝ። የገዛሁት ሶፍትዌር የዓመት ክፍያው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ነው አሉኝ። ሻጩ 'ዶላር ነው' ይላል። እውነት ነው?»

ግማሹ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ60 ብር በታች ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ሰርቨር ውጭ አገር ከሆነ ኪራዩ በዶላር ነው። ላይሰንሱ (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) የውጭ ከሆነም እንዲሁ። እዚሁ በተቀጠሩ ልጆች የተሠራ ከሆነ ግን ደመወዛቸው በብር ነው። ስለዚህ «ከዋጋው ውስጥ በዶላር የሚከፈለው ስንቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። በዝርዝር ካልነገሩዎት ይከራከሩ።

ሌላ ውል ከመፈረምዎ በፊት ዋጋው በብር፣ ለስንት ጊዜ እንደማይቀየር ይጻፍልዎ። ቫት 15 በመቶው የተካተተ ነው ወይስ በላዩ ነው? ደሞዝም በፕሮግራሙ የሚሠሩ ከሆነ ጳጉሜን ያውቃት እንደሆነ እዚያው ያሠሯቸው። በ12 ወር የተሠራ የውጭ ፕሮግራም አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ወር ሲያይ ይደናገራል። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ብለያቸው መረጃዬን በኤክሴል አውጥቼ መሄድ እችላለሁ? ሻጩ ፊትዎ አውጥቶ ያሳይዎ። የማይወጣ ከሆነ ሶፍትዌር ሳይሆን መያዣ ነው የገዙት።

«ሽያጭ ጀማሪ ነኝ። የትኛው ወር ይሻላል?»

የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ መሥሪያ ቤቶች ያልተጠቀሙበትን በጀት ለመጨረስ ይሯሯጣሉ፤ ያኔ አዲስ ሰው ሆነህ ብትሄድ ግን አይሰሙህም። ከጥር ጀምሮ ተዋወቅ። ለግል ድርጅቶች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የግብር ማሳወቂያ ወቅት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ በዚያ ሰሞን ዴሞ አያይም፤ ራሱን ይዞ ነው የሚውለው። ኅዳር ላይ ደውልለት። ደረሰኝ ሲፈልግ ያሳለፈው ሌሊት ገና አልወጣለትም፣ አንተ ሳትጨርስ «መቼ ትመጣለህ?» ይልሃል።