ወረርሽኙ ለምን ግማሽ ላይ አልቆመም?

ጥያቄ፦ በኤክሴል የወረርሽኝ ሞዴል ሠርቻለሁ። ሕዝቡ 10,000፣ መጀመሪያ የታመሙት 10፣ በሽታው ከአንድ ሰው የሚተላለፈው በአማካይ ለ5 ቀን፣ የመተላለፊያ መጠኑ በቀን 0.4 ነው። አር-ዜሮው (ሁሉም ተጋላጭ በሆነበት ሕዝብ አንድ ታማሚ በአማካይ የሚያስይዘው ሰው ብዛት) 0.4 × 5፣ ማለትም 2 ስለሆነ ግማሹ ሕዝብ ሲያዝ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ሞዴሉ ግን 80 በመቶ ገደማ ደረሰ። ቀመሬ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳተም። ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ቀን ረድፍ ይዩ። አዲስ የሚያዙት 0.4 × 10 × 9,990 ÷ 10,000 ነው፤ 4 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሕመሙ 5 ቀን ስለሚቆይ በቀን የሚያገግመው 1 ÷ 5፣ ማለትም 0.2 ነው፤ ስለዚህ የሚያገግሙት 0.2 × 10፣ ማለትም 2። ተጋላጭ፣ ታማሚና ያገገመ የሚሉት ሦስት ዓምዶች በየረድፉ ተደምረው 10,000 ካልመጡ ስሕተቱ እዚያ ነው።

ግማሽ የሚለው ቁጥር የታማሚው ብዛት መጨመር የሚያቆምበት ነጥብ ነው፤ ወረርሽኙ የሚያልቅበት አይደለም። ተጋላጮች 5,000 ሲቀሩ ከ1,500 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ታሟል፤ በዚያ ቀን ብቻ ከ300 በላይ ይያዛል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ታማሚ ከአንድ ሰው በታች ቢያስይዝም፣ ታማሚው ብዙ ስለሆነ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ግማሹ ሕዝብ አስቀድሞ በክትባት ቢጠበቅ ኖሮ ግን ያ ክምር ጨርሶ አይፈጠርም ነበር። ክትባት ቀድሞ መድረስ አለበት የምንለው ለዚህ ነው። የወረርሽኝን ሒሳብ ያጠኑት ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተሙት ሥራ ወረርሽኝ ተጋላጩን ሁሉ ሳይጨርስ እንደሚያበቃም አሳይተዋል፤ የእርስዎም 20 በመቶ ሳይነካ ቀርቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ረድፉን በሳምንት አያድርጉት። 0.2 × 7 = 1.4 ስለሚሆን ካሉት ታማሚዎች የሚበልጥ ሰው ያገግማል፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሩብ ቀን ቢያደርጉት ውጤቱ ወደ ትክክለኛው 79.7 በመቶ ይጠጋል።

ጥያቄ፦ በሚውቴሽን የመጣ አዲስ ዝርያ እንዴት ልጨምር?

መልስ፦ ሁለተኛ የታማሚ ዓምድ ይክፈቱ፤ ሁለቱም ዝርያዎች ከአንዱ የተጋላጭ ዓምድ ይቀንሱ። የአዲሱ የመተላለፊያ መጠን 0.5 ቢሆን፣ ተጋላጩ ግማሽ ሲደርስ አሮጌው ባለበት ይቆማል (0.4 × 0.5 − 0.2 = 0)፤ አዲሱ ግን በቀን 5 በመቶ ያድጋል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ ኤክሴል አንዱን ታማሚ ሁልጊዜ ያበዛዋል። በእውነቱ አር-ዜሮው 2.5 የሆነ ዝርያ ገና ሁሉም ተጋላጭ በሆነበት ሕዝብ ውስጥ እንኳ ከአንድ ሰው ቢነሣ፣ በአጋጣሚ ብቻ የመጥፋት ዕድሉ 1 ÷ 2.5፣ ማለትም 40 በመቶ ነው። የሕመም ጊዜው ከሰው ሰው ይለያያል ብለን ስናሰላ የሚመጣው ቁጥር ይህ ነው። ስለዚህ ታማሚው እስከ 20 እስኪደርስ ድረስ በዕጣ ቁጥር (ኤክሴል በዘፈቀደ በሚያወጣው ቁጥር) ያስሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተራው ቀመር ይመለሱ።