«አጎቴ ወረቀት ይዞ መጣ»

ጤና ይስጥልኝ፤

19 ዓመቴ ነው፤ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባታችን የሞተው ትንሿ እህቴ ገና ሳትድህ ነው። እናታችንም የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ዓመት ከመንፈቅ ስትማቅቅ ቆይታ ከአራት ወር በፊት አረፈች። የ14 ዓመት ወንድምና የ9 ዓመት እህት አሉኝ። አሁን እናትም አባትም እኔ ነኝ።

እማዬ 11 ዓመት በፋብሪካ ተቀጥራ ሠርታለች። ስትታመም መጀመሪያ ያጠራቀመችው አለቀ፤ ቀጥሎ ደመወዟ ቆመ፤ ከዚያ የቤት ዕቃ ሸጥን። የመጨረሻዎቹን ወራት በአጎቴ ብድር ነው የገፋናቸው። አሁን አጎቴ ወረቀት ይዞ መጣ። ቤቱን በስሙ ካዛወርንለት ዕዳውን ይተውልናል፤ ትንሿን እሱ ይወስዳታል፤ ወንድሜን ደግሞ ሥራ ያስገባዋል። ክፉ ሰው አይደለም። እማዬ ሲብስባት በሌሊት ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። እምቢ ማለት የከበደኝም ለዚህ ነው።

ወንድሜ ሳይነግረኝ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ዕቃ ሲሸከም ሰንብቷል። ያገኘውን ገንዘብ ትራሴ ሥር አስቀምጦልኝ አገኘሁት። ያን ቀን እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ትምህርቴን ላቁም? ወረቀቱን ልፈርም?

ታላቅ እህት

*

ልጄ፣

ወረቀቱን አትፈርሚ። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን፤ ይህን ግን ከወዲሁ ያዥልኝ።

በብዙ አገሮች ሕግ የሟች ዕዳ የሚከፈለው ሟች ከተወው ንብረት ነው። ነገር ግን ወራሽ ውርሱ ሳይጣራ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ከፈረመ፣ የእናቱ የነበረው ዕዳ የራሱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቤቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። ወንድምና እህትሽ 18 ዓመት ስላልሞላቸው ድርሻቸውን መሸጥም ሆነ ማዛወር በአብዛኛው ያለፍርድ ቤት ፈቃድ አይቻልም። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጪ፤ ከዚያ ሞግዚታቸው ለመሆን ማመልከት ትችዪ እንደሆነ ፍርድ ቤቱን ጠይቂ። ጠበቃ መግዣ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ጠበቆችና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎች አሉ።

አጎትሽን ግን አታስቀይሚው። እኔም ካጻጻፍሽ የተረዳሁት የጨነቀው ሰው መሆኑን ነው። «ጋሼ፣ ያደረግህልንን አልረሳም፤ ዕዳውንም አልክድም። የልጆቹን ድርሻ ለመስጠት ግን ሥልጣን የለኝም» በዪው። መቼ መቼ ስንት እንደሰጠ በጽሑፍ ያስቀምጥልሽ፤ ውርሱ ሲጣራ ይታይለታል።

ደግሞም ቤታችሁን ያራቆታችሁት እናንተ እንዳይመስልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ቤተሰብ በሳንባ ነቀርሳ ሳቢያ የሚያወጣውና የሚያጣው ገንዘብ ከዓመት ገቢው 20 በመቶ ሲያልፍ አውዳሚ ወጪ ይለዋል። በዓለም ላይ በሽታው ከገባባቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። መድኃኒቱ በነፃ ሲሰጥ እንኳ መመላለሻው፣ ምግቡ፣ ከሁሉም በላይ የቀረው ደመወዝ ቤት ይበላል። ልጆች ወላጅ በሞተባቸው ዕለት ድሃ የሆኑ ይመስለናል፤ እናንተ ቤት ግን ድህነቱ ከሞቱ ዓመት ቀድሞ ገብቷል።

«11 ዓመት» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሻት ነገር እኔን አቁማኛለች። እናትሽ ከደመወዟ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥባት ከነበረ፣ ወንድምና እህትሽ የተተኪ አበል፣ ማለትም የሟች ልጆች ከጡረታው የሚያገኙትን ክፍያ፣ ሊያገኙ ይችላሉ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም ሊኖራት ይችላል። የሞት ምስክር ወረቀቷንና የሦስታችሁን የልደት የምስክር ወረቀት ይዘሽ የፋብሪካው ሰው ኃይል አስተዳደር ዘንድ ሂጂ፤ ዋናውን ለማንም አትስጪ፣ ኮፒውን እንጂ። እንዲህ ያለው መብት ብዙ ጊዜ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ስላለው በዚህ ሳምንት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወንድምሽን አትቆጪው። ትራስሽ ሥር ያስቀመጠው ፍቅሩን ነው። ግን 14 ዓመቱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ስምምነት መደበኛ የሥራ ዕድሜን በመሠረቱ 15 ዓመት አድርጎታል፤ ከዚያ በታች ላሉት የሚፈቅደው ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የማይነካ ቀላል ሥራ ነው። ሸክም ቀላል ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሄደሽ የቀረበትን ምክንያት ለመምህሩ ንገሪ፤ ስሙ ከመዝገብ ከተሰረዘ መመለሱ ከባድ ነው።

ትንሿንም ቢሆን መለየቱ አያስቸኩል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ (ያለወላጅ ስለሚያድጉ ልጆች አያያዝ) መመሪያ፣ የተሳሰሩ እህትማማቾችና ወንድማማቾች በመርህ ደረጃ እንዳይለያዩ ይላል። አጎትሽ መርዳት ከፈለገ እዚያው ቤታችሁ ሆና የደብተሯን ይሸፍንላት።

ስለ ኮሌጁ፦ ዝም ብለሽ አትቅሪ። ችግርሽን ለተማሪዎች ዲን ነግረሽ ክፍያ እንዲቀነስ ወይም እንዲራዘም ጠይቂ። የግድ ከሆነ በደንቡ መሠረት ዊዝድሮው (ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሙዪ፤ ዓመቱን እንጂ ትምህርቱን አታጪም።

ሳልጠይቅሽ የማላልፈው አንድ ነገር ቀርቷል። ሦስታችሁም ተመርምራችኋል? የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ስለሚተላለፍና በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ አብሮ የኖረ ሰው ሁሉ መመርመር አለበት። ሕመሙ ለሌለባቸውም መከላከያ መድኃኒት አለ። ነገ ጠዋት ከየትኛውም ቢሮ በፊት ሦስታችሁም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ውጤቱንም ጻፊልኝ።