ዘመድ እያለ ድንኳን?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው የምንኖረው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ግን ከተጋባን ጀምሮ ሁለታችን ብቻችንን እራት የበላንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጫጉላም አልወጣንም፤ የሠርጉ ዕዳ ነበረብን።

አንድ ማታ በስልክ ቪዲዮ እናያለን። ባልና ሚስት ናቸው፣ ካሊፎርኒያ። በአንድ ጎን ባሕር፣ በሌላ ጎን ሬድዉድ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ጫካ። ከፓርክ ፓርክ በመኪና እየሄዱ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ በትንሽ ምድጃ ያበስላሉ። ባለቤቴ «ይሄማ እኛም ጋ አለ፤ የጎደለው ባሕሩ ብቻ ነው» አለ። እኔም ነገሩን ያዝኩት። በቅርቡ እቁብ ወጣልኝና ፍሪጅ ገዝተን 20 ሺህ ብር ተረፈን። ጓደኛው አሮጌ ዲኤክሱን ሊያውሰን ቃል ገባ። ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአራት ቀን ልንወጣ ተስማማን።

ጸቡ ከዚህ በኋላ መጣ። እሱ የመንዝ ልጅ ነው። አክስቱ መሐል ሜዳ ናቸው፣ ሌሎች ዘመዶቹም በየመንገዱ አሉ። «ማደሪያ በነጻ እያለን ለምን ድንኳን እንከራያለን? ደግሞ ዘመድ እያለኝ ሜዳ ላይ ማደሬን ቢሰሙ ምን ይሉኛል?» ይላል። በዚያ ላይ አንኮበርን፣ ወፍ ዋሻን፣ ጓሳን፣ ደብረ ሊባኖስን ሁሉ በአራት ቀን ላሳይሽ ይላል። እኔ የምፈልገው አንድ ቦታ ሄጄ ከባሌ ጋር ቁጭ ማለት ነው። ይህን ስለው «ዘመዶቼን ጠላሽ» ሆነ። አማቴም ሰምተው «ብሩ በዛባችሁ እንዴ?» አሉ። አሁን ጉዞው ራሱ ይቅር ወደ ማለቱ ነን። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

እህቴ፣ ጉዞው አይቅር። ደብረ ሊባኖስ ግን ይቅር። እሱ በጎጃም መንገድ ነው፤ ለእናንተ አዲስ አበባ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት ነው። ባልሽ ይህ ጠፍቶት አይመስለኝም። የሚወደውን ሁሉ ባንዴ ሊያሳይሽ ጓጉቶ ነው፤ ይህን ይዘሽ ብትነጋገሪው ጸቡ ግማሹ ይቀላል።

አሁን ወደ «ነጻው» ማደሪያ። ባዶ እጅ የአክስት በር አይንኳኳም። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ለልጆቹ ደብተሩ አለ። ከዚያ አክስት በግ ያርዳሉ። በግ የታረደለት እንግዳ ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ አይወጣም። ጎረቤት ይጠራል። የአጎት ልጅ ይመጣና «እኔ ጋስ መቼ ነው?» ይላል። የአንዱን ቤት ረግጣችሁ ሌላውን ብታልፉ ቅያሜ ነው፤ እዚያም ስኳርና ቡና ነው። አራቱ ቀን በዚህ ያልቃል። አንቺም ጫጉላሽን ከሴቶቹ ጋር ማጀት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፊ ታሳልፊዋለሽ። ሁለታችሁም ቁጭ በሉና ይህን ወጪ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ድንኳኑ ረክሶ ታገኙታላችሁ።

ይህን ስል ዘመድ ይዘለል ማለቴ አይደለም። የምመርጥላችሁ ቦታ ጓሳ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመሐል ሜዳ ቅርብ ስለሆነ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። አክስት ከሰው ከሰሙት ለዓመት ያኮርፋሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ስለዚህ ማደሪያችሁ ድንኳን ይሁን፣ አክስት ጋ ግን ምሳ ብሉ። ቀኑን ዓርብ አድርጉት። ጾም ነው፤ በግ አይታረድም፣ ማንም አይሳቀቅም። ሽሮ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ተመርቆ መመለስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነዳጅ ሞልታችሁ ተነሱ። ጣርማበር ላይ ዋናው የደሴ መንገድ ጣሊያን ወደሠራው ዋሻ ይገባል፤ እናንተ ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ፣ ወደ መንዝ ትታጠፋላችሁ። ከደብረ ብርሃን ጓሳ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ምሳውን፣ ደብረ ሲናን፣ መመለሻውን ደምራችሁ 350 ኪሎ ሜትር ያዙ። አሮጌ ዲኤክስ በዚያ ዳገት በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ እሰየው ነው። 40 ሊትር ብላችሁ በዕለቱ ዋጋ አባዙት። ትልቁ ወጪያችሁ እሱ ነው።

ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ቦታው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ የጓሳ ሣርና የጅብራ አገር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በደረቁ ወራት ለአጨዳ ይከፈታል። ቤት የሚከደነውም ገመድ የሚገመደውም በሱ ነው። ዛሬም ቦታው የማኅበረሰቡ ነው፤ የእንግዳ ማረፊያውና የድንኳን ቦታውም የነሱው ነው። የምትከፍሉት ብር እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ባልሽ «ዘመድ እያለኝ» ሲልሽ «ይኸው የዘመዶችህ መሬት ላይ ነው የማድረው» በይው።

ጠዋት አትቸኩሉ። ጭላዳዎቹ ከገደሉ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ነው። መቀመጫቸው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን ይነጫሉ፣ ሳይነሱም በመቀመጫቸው ፈቅ ይላሉ። ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ በመሃላቸው ቀይ ቀበሮ ታዩ ይሆናል። ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ሲከታተሉት ብቻውን ከሚያድን ይልቅ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲያድን የበለጠ ይቀናዋል። ይህን ለማየት ቢያንስ ግማሽ ቀን መቀመጥ ያስፈልጋል። ባልሽ እንደሚለው በአራት ቀን አራት ቦታ ከሮጣችሁ የምታዩት የመኪናውን መስታወት ነው።

ብርዱ የዋዛ አይደለም። በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ብለሽ አትናቂው፤ ከእናንተም ከተማ ከፍ ይላል። ድንኳን ውስጥ ብርድ የሚገባው ከመሬት ነው። ስለዚህ አንድ ባና ከላይ ከሆነ ሁለት ከታች አንጥፉ። ምግቡን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለማይጾመው ቀን ቋንጣ። አንድ ትንሽ ቡታጋዝና አንድ ድስት ይበቃል፤ ውኃ ፈላ ማለት እራት ደረሰ ማለት ነው። ሣሩ መሃል እሳት እንዳታነዱ፣ አደራ።

ቅዳሜ ተመልሳችሁ በዋሻው በኩል ወደ ደብረ ሲና ውረዱ። ቁልቁለቱን በማርሽ እንጂ በፍሬን አትውረዱት፤ የሰው መኪና ነው። ከተማው ስትደርሱ ቆሎ ግዙ፤ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው። ከዚያ ወፍ ዋሻ። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ የሞላበት ጥንታዊ ደን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በተወሰደ ዘር ነው ይባላል። ጫካው የእግር ነው፤ መኪናውን ሰው ያለበት አቁማችሁ ከአካባቢው መንገድ የሚያውቅ ልጅ ያዙ። ከባሕሩ ጉዳይ ደግሞ ባልሽን ደግፌዋለሁ። እነዚያ ሬድዉዶች ከ110 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አሉ፤ በጋውን የሚያሻግራቸው ከባሕር የሚመጣው ጉም ነው። እዚህም ጉሙ ከቆላው ሽቅብ እየወጣ ገደሉን ሲሞላው ከታች ባሕር አለ ብለሽ ትምያለሽ። የዚያን ማታ ደብረ ሲና ቀላል አልጋ ይዛችሁ ሙቅ ውኃ ታጠቡ። ይህ ቅንጦት አይደለም፣ ሁለት ሌሊት ጓሳ አድራችኋል።

አንኮበር የትም አይሄድም። ከቤታችሁ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ እሁድ በሚኒባስ ትሄዳላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ወሬ ሳይሆን በዚያ ሳምንት በመስመሩ የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። «አይመችም» ካላችሁ ቀኑን ግፉት፤ በሌሊት ደግሞ በጭራሽ አትንዱ።

አማትሽን እሱ ያስረዳ፤ አንቺ አትግቢበት። አክስትንም የሚደውልላቸው እሱ ይሁን፣ ከሳምንት ቀደም ብሎ። «ጓሳ ነው የምናድረው፣ ዓርብ ምሳ እርስዎ ጋ ነን» ይበላቸው። «እንዴት ብንሄድ ይሻላል?» ብሎ እንዳይጠይቃቸው። «ለምን ዓርብ? ቅዳሜ አድርጉትና እደሩ እንጂ» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ከጎኑ ቁጭ በይ፤ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ቁንጥጥ አድርጊው።