መልስ፦ ቆሜ የወደቅሁበት ቀን

ከብስክሌት የወደቅንበትን እጅግ አስቂኝ አጋጣሚ ለጠየቁት፣ የእኔ የደረሰው ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ ነው። ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያቆላልፈውን ዓይነት ፔዳል በገጠምሁበት ቀን፣ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ይዤ ከቆምሁ በኋላ እግሬን ወደ ላይ ብስበው ብስበው እምቢ አለኝ፤ ለካስ የሚላቀቀው ተረከዝ ወደ ውጭ ሲጠመዘዝ ኖሯል። ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው ሲንቀሳቀስ በመሆኑ፣ እንደተቆረጠ ዛፍ ቀስ እያልሁ፣ ለማፈር እንኳ በቂ ጊዜ አግኝቼ፣ ወደ ቀኝ ተጋደምሁ። ከጎኔ የቆመ አንድ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ፣ መብራቱ ገና ነው» አለኝ። ክርኔ ትንሽ ተላጠ፤ እግሮቼ ግን መሬት ላይ ሆኜም ከፔዳሉ አልተላቀቁም ነበር። በማግሥቱ የፔዳሉን ሞላ በመፍቻ አላላሁትና፣ ግድግዳ ተደግፌ መላቀቅን ደጋግሜ ተለማመድሁ፤ ይህን ግን አስቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ።