«ኩላሊቱ እምቢ አለ» ወይስ «ሰውነቱ አልተቀበለውም»?

ጥያቄ፦ ለሕሙማን በሚታደል በራሪ ጽሑፍ ላይ «የተተከለው ኩላሊት እምቢ አለ» ብዬ ጻፍሁ። ባልደረባዬ «አልጸደቀም» በለው አለኝ። የቱ ይሻላል? «ጂን ቴራፒ»ንስ ምን ልበለው? (ከጎንደር)

መልስ፦ «ኩላሊቱ እምቢ አለ» የሚለው ባለቤቱን ስቷል። እምቢ የሚለው ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ የለየው የተቀባዩ ሰውነት ነው። ስለዚህ «ሰውነቱ የተተከለውን ኩላሊት አልተቀበለውም» ይበሉ። ታማሚው መድኃኒቱን በየቀኑ የሚውጠው የገዛ ሰውነቱን መከላከያ ለማለዘብ መሆኑ የሚገባው ባለቤቱ በቦታው ሲቀመጥ ነው።

የባልደረባዎ ቃል ደስ ይላል። «ንቅለ ተከላ» የሚለው ስያሜ ራሱ የችግኝ ቋንቋ ነው፤ የፎገራ ገበሬ የሽንኩርት ችግኙን ከመደብ ነቅሎ ማሳ ላይ ሲተክል፣ ሥር ከያዘለት «ጸደቀ» ይላል። ለመቅኔ ሕዋሳት ቃሉ ልክ ነው፦ በደም ሥር ይሰጣሉ፣ አጥንት ውስጥ ይሰፍራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ደም ማምረት ይጀምራሉ። ያኔ «መቅኔው ጸደቀ» ይባል። ኩላሊት ግን በደንብ ሲያጣራ ከርሞ፣ ከዓመታት በኋላም ሰውነት ሊነሣበት ይችላል። ጸድቆ የኖረን ዛፍ «አልጸደቀም» አንለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ተነቀለ» ለጥርስ ይሁን። ኩላሊት «ከለጋሹ ተወሰደ» ነው።

«ጂን ቴራፒ»ን፣ ማለትም ዘረ መል (የዘር ባሕርይ መመሪያ) ወደ ሕዋሳት በማስገባት የሚሰጠውን ሕክምና፣ «የዘረ መል ሕክምና» ይበሉት። «በራሂ»ም አለ፤ ብዙ አንባቢ ግን አይለየውም። ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማን ዘረ መል እንደሆነ ሳይገለጽ መቅረቱ ነው። «ታማሚው የዘረ መል ሕክምና ተደረገለት» ቢባል አንባቢው የሰውየው ዘር የተለወጠ መስሎት ይደነግጣል። በንቅለ ተከላ ምርምር ግን ብዙ ጊዜ የሚታከመው የተለገሰው አካል ነው፣ ያውም ገና ሳይተከል። በ2009 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እንዳይባዛ ተደርጎ በተዘጋጀ ቫይረስ አማካይነት፣ ብግነትን (የአካል መቆጣትን) የሚያበርደውን የኢንተርሉኪን 10 ዘረ መል ወደ ሳንባ አስገብተዋል። ሳንባ በበረዶ ከተያዘ የሕዋሳቱ ሥራ ስለሚገታ ፕሮቲኑን ማምረት ይሳናቸዋል፤ ስለዚህ በሰውነት ሙቀት፣ ፈሳሽ እየተዘዋወረበትና በመሣሪያ እየተነፈሰ እንዲቆይ ተደረገ። እንዲህ ያለውን «ሳንባው ከመተከሉ በፊት የዘረ መል ሕክምና ተደረገለት» ብለው ይጻፉ። «ተደረገለት» የሚለው ወደ ሳንባው እንጂ ወደ ታማሚው እንዳያመለክት «ሳንባው»ን ከዐረፍተ ነገሩ አያውጡት።